ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት ጌጅ ይታሰር

ሰሞኑን የመጡልኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ናቸው፤ የቤንዚን ፓምፕ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ያው ችግር ነው ያለባችሁ። ሌሎቹን እግረ መንገዴን። ጌጅ የምለው የቤንዚኑን ግፊት የሚለካውን መሣሪያ ነው።

ጥያቄ

ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው 2007 ሞዴል ያሪስ ነው፣ ባለ 1.5 ሞተር፣ ከዱባይ የመጣች። ታክሲ እሠራባታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ አትነሳም። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ሰው ጭኜ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስወጣ ግን ትለግማለች። ነዳጅ ስሰጣት ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትሄድም። ጋራዥ ወሰድኳት። በኮምፒውተር አይተው ምንም የለም አሉ። ካንዴላ ቀየሩ። የቤንዚን ፊልትሮም ቀይረናል ብለው አስከፈሉኝ። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ፓምፑ ነው፣ ገዝተህ አምጣ» ብለውኛል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። እውነት ፓምፑ ነው?

ባለታክሲ፣ ከሳሪስ

መልስ

ልጄ፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እስካሁን ማንም አልለካም፤ ስለዚህ ማንም አያውቅም። ብርህን ያዝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፊልትሮውን ሲቀይሩ የኋላውን መቀመጫ አንስተው ነበር? ያንተ መኪና የቤንዚን ፊልትሮ ኮፈኑ ስር አይደለም ያለው። ታንኩ ውስጥ፣ ከፓምፑ ጋር አንድ ላይ ነው የተቀመጠው። እሱን ለማግኘት የኋላ መቀመጫ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ክዳን ይከፈታል፣ መኪናዋም ሙሉ ቀን ቤንዚን ቤንዚን ስትሸት ትውላለች። ይህን ሁሉ ካላየህ፣ የተቀየረው የአየር ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ተመልሰህ «የወለቀውን አሳዩኝ» በላቸው። በደህና ቃል ጠይቅ፣ ጠብ አያስፈልግም።

ኮምፒውተሩ ምንም አለማግኘቱ አይገርመኝም። በዚህ ሞተር ላይ የቤንዚን ግፊት የሚያይ ሴንሰር የለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ሲነግረው ነው። ሴንሰሩ «ቤንዚን አንሷል» ሲል ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ጭማሪው ልክ ሲያልፍ ፒ0171 የሚለውን ኮድ ያወጣል። ልክ እስኪያልፍ ድረስ ግን ዝም ነው፤ መብራትም አይበራም።

ዳገት ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ነዳጁን እስከ ወለሉ ስትረግጥ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን መስማት ይተዋል። ውስጡ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ብቻ ነው የሚሠራ። ኢንጀክተሩን፣ ማለትም ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ክፈት ይላል፤ ምን ያህል ቤንዚን እንደወጣ አያይም። ግፊቱ ከ47 ወደ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ቢወርድ፣ ኢንጀክተሩ ያው ጊዜ ተከፍቶ የሚረጨው ቤንዚን በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ይህን ኮምፒውተሩ ይሸፍንልሃል። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ማንም አይሸፍንልህም። እርግጥ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን አጥቶ ነው የሚሠራው። ግን እሱ ድካም ነው እንጂ መንቀጥቀጥ አይደለም። የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ ነገር አለ።

አሁን ቁጥሩን ያዝ። ሞተርህ 1ኤንዜድ የሚባለው ነው። ቶዮታ ለእሱ የሚሰጠው ግፊት ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው። ጌጁ በኪሎፓስካል ከሆነ ከ304 እስከ 343። በባር ከሆነ 3 ከምናምን። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ለ5 ደቂቃ ቢያንስ 21 ፒኤስአይ ላይ መቆየት አለበት። ይህን ስልክህ ላይ ጻፈው። «ፓምፑ ነው» የሚልህ ሰው ካለ «ስንት አነበበ?» በለው። ቁጥር ካልነገረህ አልለካም ማለት ነው።

አለካኩ ይህን ይመስላል። ራስህ አትሞክረው፤ ግን ሲሠራ ቆመህ እንድታይ ልንገርህ። መጀመሪያ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይለቀቃል። የፓምፑ ሶኬት ይነቀላል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ቤንዚን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። አንዴ ደግሞ ሞተሪኖው ይዞራል። ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታል። ይህን የሚዘል መካኒክ አለ፤ ቱቦውን በቀጥታ ይነቅልና ቤንዚኑ ፊቱ ላይ ይረጫል። እንዲህ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ቶዮታ አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች እንዳላቸው ዓይነት የመለኪያ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ኮፈኑ ስር ቤንዚኑ ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚገባበት ቦታ፣ በፕላስቲክ ቁልፍ የተያዘው መገጣጠሚያ ተነቅሎ መሀሉ ላይ ባለሦስት አፍ ማገናኛ ይገባል። ጌጁ እዚያ ላይ ይታሰራል። ማገናኛው ለዚያ ቱቦ ልክ የተሠራ መሆን አለበት። ጎማ ቱቦ ቆርጦ በሽቦ ጠፍሮ ማሰር አይሆንም። 50 ፒኤስአይ ትንሽ አይደለም፤ ከመኪናህ ጎማ ንፋስ ይበልጣል። አጠገብ የእሳት ማጥፊያ ይኑር። ጋራዡ በር ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ ካለች፣ ከሰሏ ለጊዜው ራቅ ይበል። ቀልድ አይደለም፣ የቤንዚን ትነት ከባድ ነው፣ መሬት መሬቱን ይሄዳል።

ከዚያ ባትሪው ይታሰራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ የሚያንጠባጥብ ካለ ይታያል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ፣ ስንት ነው? ይጻፍ። ነዳጅ ድንገት ሲሰጥስ? ይጻፍ። ያንተ መኪና ግፊቱን የሚወስነው ሬጉሌተር ታንኩ ውስጥ ስለሆነ ቁጥሩ እንደ ድሮዎቹ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። መርፌው እዚያው አካባቢ መቆም አለበት።

ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ያቆማል። «47 ነው፣ ደህና ነው» ብለው ይፈቱታል። ያንተ ችግር ግን ቆማ ሳለ አይደለም የሚታየው። ቤታችሁ ያለውን ቧንቧ አስብ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁሉም ሲዘጋ ግፊቱ ደህና ይመስላል፣ ሁለት ቤት ሲከፍት ግን ጠብታ ይሆናል። ፓምፕም እንዲያ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ የደከመ ፓምፕም ግፊቱን ይሞላል። ስለዚህ ጌጁ ረጅም ቱቦ ያለው ከሆነ ከኮፈኑ ወጥቶ መስታወቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በዝናብ መጥረጊያው ተይዞ ዳገት ይወጣል። ወደ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ሲለግምብህ መርፌው አብሮ ከወረደ ጥፋቱ የቤንዚን መስመሩ ላይ ነው። መርፌው 47 ላይ ቆሞ መኪናዋ ከለገመች ፓምፑ ንጹሕ ነው። ያኔ ኮይል፣ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ ወይም የተደፈነ ካታላይዘር ነው የምትፈልገው።

መርፌው ወረደ እንበል። አሁንም ፓምፕ አትግዛ። ፓምፑ ሶኬት ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቮልት ይለካ። ባትሪው ላይ 14 ከሆነ እዚያም ወደ 14 የሚጠጋ መሆን አለበት። ከአንድ ቮልት በላይ ከጎደለ ሪሌውን፣ ሽቦውን፣ በተለይ ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን ነጌቲቭ ተመልከቱ። አዲስ ፓምፕ የላላ ሽቦ ላይ ብታስር እንደ አሮጌው ነው የሚሆነው። ቮልቱ ደህና ከሆነ የኋላው መቀመጫ ይነሳ፣ ፓምፑ ይውጣ፣ ከሥሩ ያለው ወንፊት ይታይ። ከጄሪካን የተቀዳ ቤንዚን የምትጠቀም ከሆነ እዚያ ወንፊት ላይ የምታገኘውን ጭቃ ስታይ ትደነግጣለህ። ወንፊቱና ፊልትሮው ለብቻቸው የሚገኙ ከሆነ እነሱ ይቀየሩና እንደገና ይለካ። ያ ካልሠራ፣ አዎ፣ ፓምፑ ነው።

የጠዋቱ ችግር ሌላ ፍንጭ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጌጁን ለ5 ደቂቃ ተዉት። ከ21 በታች ከወረደ፣ ሌሊቱን መስመሩ ባዶ እያደረ ነው። ጠዋት ሞተሪኖው የሚዞረው መስመሩ እስኪሞላ ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ውስጥ ያለችው የማትመልስ ቫልቭ ናት፤ አንዳንዴ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር።

አንድ የታክሲ ሹፌሮች ዘዴ አለ። መኪናዋ አልነሳ ስትል ታንኩን ከሥር በጡጫ ወይም በጎማ መዶሻ ይመቱታል፣ ትነሳለች። ይህ እውነት ነው፣ አፈ ታሪክ አይደለም። የፓምፑ ሞተር ውስጥ ያለው ካርቦን አልቆ ሲቆም፣ ንዝረቱ ለጊዜው ያገናኘዋል። ተመቶ የተነሳ ፓምፕ ግን ዕድሜው አብቅቷል፤ እዚያ ላይ ጌጅ እንኳ አያስፈልግህም።

ደግሞ የቤንዚን ማስጠንቀቂያው መብራት በርቶ ቀኑን ሙሉ አትሥራ። ሰልፉን አውቃለሁ። ግን ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በውስጡና በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆን ይግላል፣ ሲግል ያልቃል። ሩብ ታንክ ሲቀር ቅዳ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የሙያ ማሠልጠኛ ተማሪ ነኝ። መለማመጃችን 1994 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ 4ኤ ኢንጀክሽን ሞተር። የቤንዚን ግፊት ለካን። ሬጉሌተሩ ላይ ያለው የቫኪዩም ቱቦ ሲነቀል 41 ፒኤስአይ፣ ሲሰካ 36። አንዱ ጓደኛዬ ልዩነቱ ወደ 9 መሆን አለበት፣ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል ይላል። ኢንተርኔት ላይም እንዲያ ነው የሚሉት። ማን ትክክል ነው?

መልስ

ጎሽ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። ቁጥር ይዘህ መጣህ።

ሬጉሌተሩ ደህና ነው። ለዚህ ሞተር ቱቦው ሲነቀል ከ38 እስከ 44፣ ሲሰካ ሚኒሞ ላይ ከ31 እስከ 37 ነው የሚፈለገው። ሁለቱም ቁጥሮችህ ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ ያነሰው ደብረ ብርሃን ስለሆናችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬጉሌተሩ ቫኪዩሙን አንድ ለአንድ ይከተላል። ቫኪዩም ማለት ደግሞ በውጭው አየርና በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቧንቧ) ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የውጭው አየር 101 ኪሎፓስካል ነው። እናንተ ዘንድ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ወደ 72 ነው። ሚኒሞ ላይ ማኒፎልዱ ውስጥ 35 ገደማ ይቀራል እንበል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ልዩነቱ 66 ኪሎፓስካል ይሆናል፣ ማለትም 9 ፒኤስአይ ተኩል። እናንተ ጋ 37 ብቻ፣ ማለትም 5 ከምናምን። አንተ 5 ለካህ። ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉት ሰዎች የሚኖሩት ዝቅ ያለ አገር ነው፤ ጓደኛህም ያነበበው የነሱን ነው።

ከጓደኛህ ጋር ክርክሩን ለመጨረስ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ካላችሁ ሬጉሌተሩ ላይ ሰክታችሁ እስከ 50 ኪሎፓስካል ሳቡ። ጌጁ በ7 ፒኤስአይ ገደማ መቀነስ አለበት። ከወረደ አለቀ። ቫኪዩሙን ካልያዘ ዲያፍራሙ፣ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን፣ ተቀዷል።

በነገራችን ላይ በዚች መኪና ሞተሩን ሳታስነሱ ፓምፑን ማስጮህ ትችላላችሁ። ኮፈኑ ስር ያለችውን የዲያግኖስቲክ ሳጥን ክዳን ክፈቱ። «ፕላስ ቢ» እና «ኤፍ ፒ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙና ቁልፉን አብሩ። ስሞቹ ክዳኑ ላይ አሉ። ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ግን ሽቦ አትክተቱ። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች ቁልፍ ሲበራ ብቻ ፓምፑን አያስነሱም፤ ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ቁልፍ አብርቶ ድምፅ ስላልሰማ ብቻ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል መካኒክ ብዙ ነው።

ጥያቄ

ወንድም ጋሼ፣ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። 2002 ሸቭሮሌት ታሆ አለኝ፣ ባለ 5.3። ከቆመች በኋላ ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ስትነሳ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ቤንዚንም ትበላለች። ጌጅ ተውሼ ለካሁ። ስትሠራ ደህና ነው፣ ሳጠፋት ግን ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። ፓምፕ ልቀይር? እዚህ የእጅ ዋጋ ትንፋሽ ያሳጥራል።

መልስ

አትቀይር። ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት ቧንቧ ላይ ትንሽ ክብ ነገር አለች፣ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ የተሰካባት። ሬጉሌተሩ እሷ ናት። ሞተሩ እየሠራ ቱቦዋን ንቀልና አሽትት። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ጫፏ እርጥብ ከሆነ ዲያፍራሟ ተቀዷል። ቤንዚኑ በዚያ በኩል ወደ ሞተሩ ይፈሳል። ጥቁሩ ጭስም፣ አስቸጋሪው መነሳትም፣ የሚወርደው ጌጅም አንድ ምክንያት አላቸው። የእነዚያ ዓመታት ሞተሮች የታወቀ በሽታ ነው። ዕቃዋ ከፓምፕ ጋር ስትነጻጸር ርካሽ ናት፣ ታንክም አይወርድም። መጀመሪያ ግፊቱን ልቀቅ፣ ጎሚኒዎቿንም አብረህ ቀይር።

ቱቦዋ ደረቅ ከሆነች ያኔ ወይ የፓምፑ ቫልቭ ነው፣ ወይ ኢንጀክተር። ካንዴላዎቹን አውጥተህ ተመልከት። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ረጥቦ ካገኘኸው የዚያ ሲሊንደር ኢንጀክተር ነው የሚያንጠባጥበው። ሁሉም ደረቅ ከሆኑ ወደ ፓምፑ ሂድ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጎንደር እህል እነግዳለሁ። ናፍጣ ሃይሉክስ አለችኝ፣ ዲ4ዲ የሚሏት። ጉልበቷ ቀንሷል። ሹፌሬ የቤንዚን ጌጅ ከጓደኛው አምጥቶ ሊለካ ይላል። ካልሆነም የኢንጀክተሩን ቧንቧ ላላ አድርጎ ናፍጣው መድረሱን ሊያይ ነው። ልፍቀድለት?

መልስ

እህቴ፣ አይፍቀዱለት። ዛሬውኑ ይደውሉለት።

እስካሁን ያወራነው ስለ 50 ፒኤስአይ ነው፤ ያ ማለት 3 ባር ተኩል ነው። የእርስዎ ሃይሉክስ የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ይገፋዋል። የቤንዚኑ ጌጅ ይፈነዳል። ቧንቧውን ሞተሩ እየሠራ ማላላት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ብዙም ላያመው ይችላል። ውስጡን ግን ያበላሻል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ካለ ባያመውም እንኳ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለሐኪሙም «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» ይበል። የድሮዎቹን የናፍጣ ሞተሮች ቧንቧ እያላሉ አየር ማስወጣት ልማድ ስለነበር ነው ሹፌርዎ እንዲህ ያሰበው፤ አይፍረዱበት።

እሱ ሊሠራው የሚችለው ሥራ አለ። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ከፍቶ ውኃ መኖሩን ይይ። ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ይቀየር፤ ከተቀየረ በኋላ ላዩ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጠንከር እስኪል ይጫነው። ያ ካልበቃ ዲያግኖስቲክ ማሽን ያለው ጋራዥ ይውሰዷት። ይቺ መኪና እንደ ያሪሷ አይደለችም፤ የግፊት ሴንሰር አላት። ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና የተገኘው ግፊት ማሽኑ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዴ ሚኒሞ ላይ፣ አንዴ ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ያስነብቧቸው። ሁለቱን ቁጥሮች በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ከዚያ ስለ ዕቃ እናወራለን።